ያልተጻፈችው ጡጦ

ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሶች ክፍል የሠራች ሴት ጡረታ ወጣች ቢሏችሁ አትመኑ። ስሟ ከመዝገብ ይሰረዝ ይሆናል እንጂ እጇ አርፎ አይቀመጥም። እማማ ጡጦ ከሆስፒታሉ ከተሰናበቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ የወተት ክፍሏ ቁልፍ ግን እስከ ዛሬ ከቦርሳቸው አልወጣም። «ይመልሱ» ያላቸው የለም፤ እሳቸውም ልመልስ ብለው አያውቁም።

ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። በእሳቸው ዘመን እዚያ የተወለደ ሕፃን ሁሉ፣ የእናቱ ጡት ኖረም አልኖረም፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጡጦ የዱቄት ወተት ሳይጠጣ አይውልም ነበር። ያቺን ጡጦ «መቀበያ» ይሏታል። ሐኪም አያዛትም፤ ካርድ ላይ አትጻፍም፤ ለመጣ እንግዳ ውሃ እንደ ማቅረብ ያለች ነገር ናት። ሕፃኑ ጠጥቶ ይተኛል፣ እናቲቱ ታርፋለች፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ሁሉም እማማ ጡጦን ይመርቃል። ደግ ሴት ናቸው። ይህን ከአሁኑ እንያዝላቸው፤ ኋላ ላይ ልንቆጣቸው ነውና።

ዛሬ የመጡት ለገዛ ልጃቸው ነው። ልጃቸው ትናንት አመሻሽ ላይ በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አራሷ በማስታገሻው ተሸንፋ አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ ተኝታለች። ሕፃኑ ግን አልተኛም። ቅድም ጡት ሲሰጡት ይዞ ለቀቀ፣ ይዞ ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ያለቅሳል። አያቱ አቅፈው ወዘወዙት፤ እሹሩሩ አሉት፤ ትከሻቸው ላይ አድርገው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። አልሆነም። በመጨረሻ አልጋው ውስጥ አስተኙትና የጎን አልጋዋን አራስ «እስቲ አንዴ እይልኝ» ብለው፣ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወዳለችው ጠባብ በር ሄደው ቁልፋቸውን አስገቡ። ቁልፉ ዞረ።

ክፍሏ ተቀይራለች። ድሮ ጡጦዎች በሰልፍ ይቆሙበት በነበረው መደርደሪያ ላይ አሁን ትናንሽ የብረት ኩባያዎችና ማንኪያዎች ተደርድረዋል። የወተቱ ቁም ሳጥን ተቆልፎ ወረቀት ተለጥፎበታል። «ያለ ሐኪም ፊርማ አይሰጥም» ይላል። እማማ ጡጦ አነበቡትና ከንፈራቸውን አጣመሙ። ቢቆለፍስ ምን ገዷቸው? ቆርቆሮውንም ጡጦውንም ከቤት ይዘው ነው የመጡት። ድንገት የታሰበ ነገር አይደለም ማለት ነው። ውሃ አፈሉ፣ አበረዱ፣ ዱቄቱን ለክተው በጠበጡ፣ አንድ ሁለት ጠብታ እጃቸው አንጓ ላይ አንጠባጥበው ሙቀቱን አዩ። ልክ ነበር። ቀና ሲሉ በሩ ተከፈተ።

የገባችው ተረኛዋ አዋላጅ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ንግግሯ ዝግ ያለ፣ እጇ ግን ፈጣን።

«ውይ! አስደነገጡኝ እማማ። ማን ከፈተልዎት?»

«ቁልፉ ነዋ! ቁልፍ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

አዋላጇ ቁልፉን አየች፤ ቆርቆሮውን አየች፤ ጡጦዋን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ።

«ለማን ነው?»

«ለጎረቤት! ለማን ሊሆን ኖሯል? የልጅ ልጄ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ እየጮኸ አይደለም እንዴ? ጆሮ የላችሁም?»

«ሰምቼዋለሁ። እኔም የመጣሁት ለእሱ ማንኪያ ልወስድ ነው» አለችና በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። «እማማ፣ እባክዎ ይቺን አይስጡት።»

እማማ ጡጦ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ስሚ ልጄ፣ አንቺ ጥርስ ሳታበቅዪ እኔ እዚች ክፍል ውስጥ በቀን ሠላሳ ጡጦ እበጠብጥ ነበር። ስንት ሺህ ሕፃን በዚህ እጄ አልፏል። አንዱን ታመመ፣ አንዱን ሞተ ሲሉኝ አልሰማሁም። አሁን ዘወር በዪልኝ፤ ወተቱ ይቀዘቅዛል።»

አዋላጇ ዘወር አላለችም። አልተቆጣችምም። ብትቆጣ ኖሮ ለእማማ ጡጦ ይቀላቸው ነበር፤ ቁጣን በቁጣ መመለስ ያውቁበታልና።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «እነዚያን ሁሉ ሕፃናት ስንት ቀን ነበር የሚያዩዋቸው?»

«ሁለት ቀን። ኦፕራሲዮን ከሆነ ሦስት፣ አራት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ቤታቸው! ላሳድጋቸው ኖሯል?»

«በስድስት ወር፣ በሰባት ወር ወተት ሲቀምሱ ፊታቸው የሚያብጠውን፣ ቆዳቸው የሚቆስለውን፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ልጆችስ አይተዋል?»

«እነሱማ ወደዚህ አይመጡም።»

«አይመጡም። የሚሄዱት ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የሕፃናት ሕክምና ነው። እኔ ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት ሁለት ዓመት እዚያ ሠርቻለሁ። ይኸውልዎት እማማ፣ የእኛ በር ሕፃናቱን ደህና ናቸው ብሎ ይሸኛቸዋል፤ የእነሱ በር ታመው ይቀበላቸዋል። ሁለቱ በሮች ግን ተነጋግረው አያውቁም።»

እውነቷን ነው። ስንቱ ባለሙያ ነው የእጁን ሥራ መጨረሻ ሳያይ ጡረታ የሚወጣው! አናጺ ወንበሩ ሲሰበር ይነገረዋል። ልብስ ሰፊ ስፌቱ ሲተረተር ደንበኛው ተመልሶ ይጮህበታል። የአራሶች ክፍል ሠራተኛ ግን ምርቃቱን ብቻ ሰምታ ትቀራለች። እማማ ጡጦም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰሙት ምርቃት ብቻ ነው፤ ምርቃት ብቻ የሚሰማ ሰው ደግሞ ራሱን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

«ቆይ፣ ወተት ምን አደረገና ነው?» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ብሏል። «ዓለም ሁሉ በወተት አይደል የሚያድገው?»

«ወተቱ መርዝ ነው አላልኩም። እናት የሌለው፣ የእናቱ ጡት ያልበቃው ስንት ልጅ በዚሁ በዱቄት ወተት አድጎ ሰው ሆኗል። ዱቄቱ የሚሠራበት የላም ወተት ግን ለሰው ልጅ ባዳ ነው። የሰውነታችንን መከላከያ እንደ ዘበኛ ይዩት። የአራስ ሕፃን ዘበኛ ዛሬ የተቀጠረ ነው፤ ዘመዱን ከባዳው ገና አልለየም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ባዳ ብቅ ይልና ይጠፋል። አብዛኛው ዘበኛ ምንም አይመስለውም። አንዳንዱ ግን ያንን ፊት ‹ሌባ ነው› ብሎ ይይዘዋል። ልጁ ከዚያ በኋላ ጡት ብቻ እየጠባ ስድስት ወር ይቆያል። በሰባተኛው ወር ባዳው ተመልሶ ሲመጣ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ይነሣል፤ ሌባውን እመታለሁ ሲል የገዛ ቤቱን ዕቃ ይሰባብራል። አለርጂ የሚሉት ይኸው ነው።»

«ይህን በእርግጠኝነት ታውቂያለሽ?»

«በእርግጠኝነት አላውቅም።»

እማማ ጡጦ ቀዳዳ አገኙ። «እንግዲያ ካላወቅሽ በር ላይ ምን ገተረሽ!»

«ጥናቶች አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን ወተት ቀምሰው በኋላ ያቋረጡ ልጆች ላይ አለርጂው በዛ ብሎ ታይቷል። በዚህ የማይስማሙ ሐኪሞችም አሉ፤ አልደብቅዎትም። እኔ የምለው ግን እንዲህ ነው። አስፈላጊ ሲሆን አደጋ ቢኖረውም እንሰጣለን። አስፈላጊ ሳይሆን ለምን እንሰጣለን? ክፍሉ ጸጥ እንዲልልን ነው?»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል እማማ ጡጦን ክፉኛ ወጋቻቸው። 

«ጸጥታ ፈልጌ መሰለሽ!» አሉ። «ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሕፃን ነበር። እናቱ ደም ፈሷት ራሷን አታውቅም። ‹ጡቱን ይጠብቅ፣ ጡቱን ይጠብቅ› እየተባለ አንድ ቀን ዋለ፤ ሁለት ቀን ዋለ። መጀመሪያ ይጮህ ነበር። ከዚያ ጩኸቱን ተወው። እኛ ደግሞ ‹እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው› አልን። ጨዋ! ደክሞት እኮ ነው። በሦስተኛው ቀን ከንፈሩ ደርቆ፣ እዚች ክንዴ ላይ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ፈረቃ የሚራብ ልጅ አይኖርም ብዬ ማልኩ። መቀበያ ማለት ይኸው ነው፤ ገባሽ?»

ገባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ታሪክ ከእማማ ጡጦ አፍ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለገዛ ልጃቸውም አላወሩትም።

«ያ ሕፃን ወተት ያስፈልገው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ብኖር በዚህ እጄ እሰጠው ነበር፤ በጡጦም ቢሆን፣ የላምም ቢሆን። እማማ፣ ያንን ልጅ የበደለው ማንም አለመመዘኑ ነው። ክብደቱን የለካ፣ ዳይፐሩን ያየ፣ የደም ስኳሩን የመረመረ አልነበረም። እናንተ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሳትመዝኑ ለሁሉም መስጠት ጀመራችሁ። ሳይመዝኑ መከልከልና ሳይመዝኑ መስጠት እኮ ወንድማማች ናቸው።»

ከግድግዳው ማዶ የሕፃኑ ለቅሶ በረታ። እማማ ጡጦ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመዱ። አዋላጇ እጇን ዘረጋች እንጂ አልነካቻቸውም።

«ሌላም ነገር አለ። ካርዱን አይቻለሁ። በዚህ ልጅ ላይ አደጋው ከሌላው ልጅ ከፍ ይላል። ታላቅ እህቱ የላም ወተት አለርጂ አለባት።»

እማማ ጡጦ ባሉበት ቆሙ።

ታላቅ እህቱን ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ ቦርሳ» ነው የሚላት። አራት ዓመቷ ነው። ቀይ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ ሳታንጠለጥል ከቤት አትወጣም። ላየው ሰው ቦርሳው ውስጥ አሻንጉሊት ያለ ይመስለዋል፤ ያለው ግን አለርጂው ድንገት ሲነሣባት የምትወጋው መርፌ ነው። በሰባት ወሯ ወተት ያለበት የሕፃን ምግብ ሁለት ማንኪያ ብትቀምስ ከንፈሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ተዘጋ፣ ፊቷ ጠቆረ። በጎረቤት መኪና በርረው ሲያደርሷት ሐኪሙ «አምስት ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ከዚያ ወዲህ ልደት ተጠርታ ኬክ አትቀምስም። እሷ መዋዕለ ሕፃናት ስትውል እናቷ ስልኳን ከእጇ አታወርድም።

«እሷም የተወለደችው እዚሁ ነው» አለች አዋላጇ። «ልጅዎ ለመውለድ ስትመጣ ይዛው በመጣችው የእሷ ካርድ ላይ፣ ‹በሆስፒታል የዱቄት ወተት ወስዳ ታውቃለች ወይ› ለሚለው ‹በፍጹም፤ ጡት ብቻ› ተብሎ ተመልሷል። የማዶው ሐኪም ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል፤ ነገሩ ግራ ገብቶት ይመስለኛል።»

ያ መልስ ሲሰጥ እማማ ጡጦ በቦታው ነበሩ፤ ልጃቸው ከሐኪሙ ፊት፣ እሳቸው ከልጃቸው ጎን። «በፍጹም» ስትል በጆሯቸው ሰምተዋል። አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ነበር። ወዲያው ግን «አንዲት ጡጦ ምን አላት? መቀበያ እኮ ናት» አሉና ከነፍሳቸው ጋር ተስማምተው ዘጉት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሳቸው ዝምታ ግን ከሦስት ዓመት በላይ ሲነቅዝ ኖሯል። ያውቁ ነበር ማለት አይቻልም፤ አያውቁም ነበር ማለትም አይቻልም። እዚህ ላይ ነው ልንቆጣቸው ያልነው።

ጡጦዋ እጃቸው ላይ ከበደቻቸው። መደርደሪያው ላይ አስቀመጧት።

«ወስዳለች» አሉ።

«ማን?»

«እሜቴ ቦርሳ። እናቷ ተኝታ ሳለች መቀበያዋን ሰጥቻታለሁ። በዚህ እጄ።»

«ልጅዎ ታውቃለች?»

«ማን ነግሯት ታውቃለች?» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ ነኝ እንዴ ታዲያ? እውነቱን ንገሪኝ ልጄ፤ ያሳመምኳት እኔ ነኝ?»

አዋላጇ «አላልኩዎትም!» ብትል ማን ይከለክላታል? ክርክር ያሸነፈ ሰው ሁሉ የሚጣፍጠው ይህን ማለት ነው። እሷ ግን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«አላውቅም እማማ። ጡጦ ሳይነካቸው አለርጂ የሚይዛቸው ልጆች አሉ፤ ከዘርም ይመጣል። እርስዎ ነዎት ብዬ አልፈርድብዎትም፤ አይደሉም ብዬም አልዋሽዎትም። ሐኪሙ ግን እውነቱን ማወቅ ነበረበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ለአሁኑ ይሄ ልጅ እየጮኸ ነው። እንሂድና እንመዝነው። ስኳሩ ካነሰ፣ ወይም ከልክ በላይ ከከሳ ሐኪም ጠርቼ የሚያዘውን እኔው እሰጠዋለሁ። ደህና ከሆነ ግን እኔ እንዳልኩት እናደርጋለን። ተስማማን?»

«ካነሰ ትሰጪዋለሽ? ማይልኝ።»

«ይሙቱ፣ እሰጠዋለሁ።»

አብረው ሄዱ። አሥራ አንድ ቁጥር አልጋ አጠገብ ሕፃኑ ፊቱ በርበሬ መስሎ ይጮኻል። የጎን አልጋዋ አራስ አንድ እጇን አልጋው ውስጥ አስገብታ ሆዱን ታሻሻለች። አዋላጇ ልብሱን አውልቃ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ሲወለድ ሦስት ኪሎ ተኩል ነበር፤ አሁን መቶ ግራም ጎድሏል።

«ይኸው ከሳ!» አሉ እማማ ጡጦ።

«ሁሉም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። ይሄ ከልኩ አላለፈም። ዳይፐሩን ይዩት፤ ከጠዋት ወዲህ ይሄ ሁለተኛው ነው።»

ቀጥላ ተረከዙን ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በትንሿ መሣሪያ ላይ አሳረፈች። መሣሪያዋ እስክትናገር ያለፉት ጥቂት ሰከንዶች ለእማማ ጡጦ ከሠላሳ አንዱ ዓመት ይረዝሙ ነበር። ያ የጥንቱ ሕፃን፣ ያ የደረቀ ከንፈር፣ ዓይናቸው ላይ ቆመ። ያነሰ እንደሆነ ሮጠው ጡጦዋን ሊያመጡ፣ በቂ እንደሆነ ሊቀመጡ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው ጠበቁ።

«ደህና ነው» አለች አዋላጇ። «እንዲያውም በጣም ደህና።»

እማማ ጡጦ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አሉ። «ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ሰው ፈልጎ ነዋ! ትናንት እስከ ማታ ድረስ ሆድ ውስጥ እኮ ነበር።»

በዚህ ጨዋታ መሀል አራሷ ዓይኗን ገለጠች። አዋላጇ ትራሱን ከፍ አድርጋ፣ ሕፃኑን ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አስተኝታ ከላይ ብርድ ልብስ አለበሰችው። ጩኸቱ ወደ ሲቃ ወረደ። ሲቃውም ቀስ በቀስ ጠፋ። እማማ ጡጦ ይህን ሲያዩ ተገረሙ፤ በጡጦ እንጂ በደረት ዝም የሚል ልጅ ለማየት በእሳቸው ዘመን የጠበቀ ሰው አልነበረም።

«አሁን ጡቱን ይሞክራል፤ አልይዝ ካለ ደግሞ የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ በእጅ እናልብና በማንኪያ እንሰጠዋለን» አለች አዋላጇ።

አራሷ እናቷን አየች። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

አዋላጇ ማንኪያውን ታብስ ጀመር። እንደማትናገርባቸው እማማ ጡጦ አውቀዋል። ምርጫው የእሳቸው ነበር። «ምንም አልሆንኩ፣ ደክሞኝ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። ሁለተኛ ዝምታ ከመጀመሪያው ይቀላል።

«እሜቴ ቦርሳ የተወለደች ቀን» አሉ፤ «አንቺ ተኝተሽ ሳለ ጡጦ ሰጥቻታለሁ። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ደግሞ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዛሬም ለዚህኛው በጥብጬለት ነበር፤ ይቺ ልጅ አስጣለችኝ።»

አራሷ ለጊዜው የገባት አልመሰለም። ቆይቶ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ከጎኔ ተቀምጠሽ ነበር» አለች።

«ነበርኩ።»

«ምን በልቼ ይሆን፣ ጡቴ ነው የመረዛት እያልኩ ሳለቅስ እንባዬን የምትጠርጊው አንቺ ነበርሽ።»

«እኔ ነበርኩ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ እየተነሣሁ ስትተነፍስ አዳምጥ ነበር እኮ እማዬ። የራሴ ጥፋት ነው ብዬ።» ከዚያ በኋላ አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እማማ ጡጦ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲያስጠብቁት የኖሩት ጸጥታ እንዲህ አስፈሪ መሆኑን አያውቁም ነበር። ቦርሳቸውን አንሥተው ሊወጡ ቃጣቸው። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ይፈልግ ጀመር፤ ጡቱን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና አለቀሰ።

«ማንኪያውን ማን ይይዝልኛል?» አለች አራሷ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ።

አዋላጇ እጇን ዘረጋች።

«አንቺን አይደለም» አለች አራሷ።

እማማ ጡጦ ማንኪያውን ተቀበሉ። ሺህ ጡጦ የበጠበጠ እጅ አንዲት የሻይ ማንኪያ ከጡቱ ሥር ያዘ። አዋላጇ እንዴት እንደሚታለብ እያሳየች፣ አራሷም እየሞከረች፣ መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቆይቶ አንድ ወፍራም ቢጫ ጠብታ ማንኪያው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተከተለ።

«ይቺ ልታጠግበው ነው?» አሉ እማማ ጡጦ፤ አመል ነውና።

«የዛሬ ሆዱ አንድ ማንኪያ ቢይዝ ነው። በዚያ ላይ እንገር ነው፤ ጠብታው ሁሉ ከበሽታ የሚከላከል ነገር የሞላበት ነው። እርስዎ የበጠበጡትን ቢጠጣ ኖሮ ተኝቶ ይውልና ጡቱን ይረሳው ነበር፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ አይሞላም። ከዚያ ‹ወተት የላትም› እንላለን።»

እማማ ጡጦ ስንት እናት «ወተት የለሽም» ብለው እንዳሰናበቱ አስታወሱ። ማንኪያውን ወደ ሕፃኑ ከንፈር አስጠጉ። ሕፃኑ ላሰ፤ አጣጣመ፤ ምላሱን አውጥቶ ተጨማሪ ጠየቀ። አራሷ አሁንም እናቷን አላየቻቸውም። ሁለተኛውን ማንኪያ ግን አልባ ሞላችላቸው።

ከጎን አልጋ ያለችው አራስ ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ ነበርና «እማማ» አለች ፈራ ተባ እያለች፤ «ያቺ የበጠበጧት ጡጦ ካለች ለእኔ ልጅ ቢሰጡልኝስ? እኔም ወተት የለኝም መሰለኝ።»

ያን ጊዜ እማማ ጡጦ የተናገሩትን አዋላጇ እስከ ዛሬ ለጀማሪዎች ትነግራለች። «የለም ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ ልጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊው፤ ገላው ገላሽን ይንካ። ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ ጡት የሚሞላው ሲጠባ ነው። አልይዝ ካለሽ አልበሽ በማንኪያ። ሥጋት ከገባሽ አስመዝኚው፤ ‹ዝም ብሎ ተኝቷል፣ ጨዋ ነው› ብለሽ እንዳትዘናጊ። ሚዛኑ አነሰ ካለ፣ ሐኪምም ካዘዘ፣ ያለ ምንም ሐፍረት የዱቄቱን ስጪው፤ ያኔ መድኃኒቱ ነው፤ ‹ምን ዓይነት እናት ነሽ› የሚልሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው። ግን ይጻፍ! ምን ያህል፣ መቼ፣ በማን እጅ፣ ይጻፍ። ለልጅሽ የሰጡትን ነገር አንቺ ሳታውቂው አትሂጂ።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ወተት ክፍሏ ተመለሱ፤ ጡጦዋን ገንዳው ውስጥ ደፉ፤ በሩን ቆለፉና ተመልሰው ቁልፉን አዋላጇ መዳፍ ላይ አኖሩት። እሷም ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ጥቅም አንባቢ ይቁጠረው። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን ጡቱን አጥብቆ ያዘ፤ እናቱም ሞላላት። የጎን አልጋዋ አራስ «የለኝም» ያለችው ወተት ልብሷን እያራሰ አስቸገራት። ክፍሉ ከድሮው ይልቅ ጫጫታ በዝቶበታል፤ ሕፃናቱም እናቶቹም እየለመዱ ነውና ይሁን። አራሷ እናቷን ጨርሳ ይቅር አላለቻቸውም፤ ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። ከሆስፒታል በወጣች በማግስቱ ግን የትልቋን ካርድ ከመሳቢያ አውጥታ «ውሰጂና ራስሽ አስጽፊው» አለቻቸው።

እማማ ጡጦ እሜቴ ቦርሳን በእጃቸው ይዘው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ፣ ዝም ካሉባት ከዚያች ቀን በቀር፣ ገብተውበት ወደማያውቁት ወደ ማዶው በር ገቡ። ሐኪሙ ታሪኩን ሰምቶ አልተቆጣም። የጥያቄ ምልክቱን አይቶ «እኔም እኮ ነገሩ አልገጥም ብሎኝ ነበር» አለ። ወንድሟ ምግብ ሲጀምር ወተት በራሳቸው እጅ እንዳያቀምሱት፣ መጀመሪያ ወደ እሱ እንዲያመጡት መከራቸው። ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይህ አለርጂ እንደሚለቃቸው፣ እሜቴ ቦርሳንም በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ፣ በእሱ ክትትል እንደሚፈትሻት ነገራቸው። ከዚያ ምልክቱን ሰርዞ ከጎኑ ጻፈ።

«ያንብቡልኝ» አሉ እማማ ጡጦ።

«‹በተወለደችበት ቀን አንድ ጡጦ የዱቄት ወተት ወስዳለች።›»

«አልጨረሱም ዶክተር።»

«ምን ቀረ?»

«‹በአያቷ እጅ› ብለው ይጨምሩበት።»

«እማማ፣ እሱ እንኳ ለሕክምናው አያስፈልግም።»

«ለእኔ ያስፈልገኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልጽፍ ሰጥቻለሁ። አንዷ እንኳ ትጻፍልኝ።»

እሜቴ ቦርሳ ወንበሩ ላይ እግሯን እያወዛወዘች፣ የቀይ ቦርሳዋን ክዳን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች። ሐኪሙ ሴትዮዋን ትንሽ አየና ብዕሩን መልሶ አነሣ። እማማ ጡጦም መነጽራቸውን አድርገው፣ ቃሉን ጽፎ እስኪጨርስ ከላዩ ቆመው አዩት።